ከክፍሉ ሦስተኛ፣ መግቢያ ፈተና ላይ 54፦ ማርኩ የት ጠፋ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ከክፍሉ ሦስተኛ ነው፣ አማካዩም 91። ክረምት ላይ የአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ እንዲፈተን አስበናል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማስጠኛ ቤት ሞዴል ፈተና ወስዶ ሒሳብ 54፣ እንግሊዝኛ 48 አመጣ። አባቱ በጣም ተናደደ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን አስጠኚ ይመጣለታል። አምስት ቀን ላድርገው? ኳሱንስ ላስቁመው? ቴሌግራም ላይ የመግቢያ ፈተና የሚሸጡ አሉ፣ ልግዛ? ማታ ማታ እያጠና ያለቅሳል። ግራ ገባኝ።» አንዲት እናት፣ ከስድስት ኪሎ።

መልስ፦ እህቴ፣ ተጨንቀው ስለጻፉ አጭሩን ላስቀድም። አምስት ቀን አያድርጉት፤ እንዲያውም ከሦስቱ አንዱን ይቀንሱለት። ኳሱን አያስቁሙት። የቴሌግራሙን ወረቀት አይግዙ። ለቅሶው ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ያለፉትን ዘጠኝ ክረምቶች ደግሞ እዚሁ አራት ኪሎ ለመግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ሳስጠና ነው ያሳለፍኩት። ክፍል ውስጥ ከ90 በላይ እያመጣ ሞዴል ፈተና ላይ 50ዎቹ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ በየዓመቱ ይገጥመኛል። ወላጅ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ልጁን ነው፣ «ሰነፈ» ብሎ። ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን፣ «ማርክ ያድላሉ» ብሎ። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው።

እስቲ 91ዱን እንፍታው። ውስጡ የቤት ሥራ አለ። ደብተር አያያዝ አለ። አሳይመንት አለ፤ ግማሹን ማን እንደሠራው እርስዎ ያውቃሉ። ቴስቱም የሚሰጠው ምዕራፉ ባለቀ ሰሞን ነው። ልጁ ሐሙስ የተማረውን ሰኞ ይፈተናል፣ የመምህሩንም አጠያየቅ ለምዶታል። በየትኛው መንገድ እንደሚሠራው የምዕራፉ ርዕስ ራሱ ይነግረዋል። መግቢያ ፈተና ላይ ርዕስ የለም። የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ፣ የሰባተኛ ክፍል መቶኛ፣ የስምንተኛ ክፍል ስኩዌር ሩት ተደባልቀው ይመጣሉ። ሰዓቱም ጠባብ ነው።

ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና፣ ብዙዎቻችን ዛሬም «ሚኒስትሪ» የምንለው፣ ማለፊያ ነጥብ አለው። የመግቢያ ፈተና ያለው ወንበር ነው። ሃምሳ ወንበር ካለ፣ ሃምሳኛው ልጅ ያመጣው ማርክ ማለፊያ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ 54 ብቻውን ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ማስጠኛ ቤቱን «ከፍተኛው ስንት ነው? አብዛኛው ልጅስ ስንት አካባቢ ነው?» ብለው ይጠይቁልኝ። ከፍተኛው 61 ከሆነ አባትየው የተናደዱት በከንቱ ነው። 95 ከሆነ ሥራ አለብን።

ወላጁ ለምን እንደሚራወጥ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ይህን የሰማ ሰው ልጁን የተሻለ ትምህርት ቤት ለማስገባት ቢሮጥ አይፈረድበትም። እኔ የማልስማማው ሩጫው በሚጀመርበት ቦታ ላይ ነው።

ለመሆኑ የተፈተነበትን ወረቀት መልሰውለታል? የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያየ ሰው አለ? ጥያቄዎ ውስጥ ማርኩን እንጂ ወረቀቱን አላየሁትም።

ባለፈው ዓመት ልክ እንደ እርስዎ ልጅ ያለ ተማሪ መጣልኝ። ሒሳብ 50 ጥያቄ፣ 24ቱን ስቷል። እናቱ የዘጠነኛ ክፍልን ትምህርት አስቀድሞ የሚያስተምርለት አስጠኚ ቀጥረውለት ነበር። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከልጁ ጋር ቁጭ ብዬ 24ቱን አየናቸው። ሰባቱ መጨረሻ ላይ ያሉ ነበሩ፤ ሰዓት አልቆበት ባዶ የተዋቸው። አምስቱን ጥያቄውን በደንብ ሳያነብ ነው የሳተው። አራቱ ላይ መንገዱ ትክክል ሆኖ ማባዛት ወይም መቀነስ ላይ ተሳስቷል። የቀሩት ስምንቱ በእውነት ያላወቃቸው ናቸው። ከስምንቱ ደግሞ ስድስቱ ክፍልፋይና መቶኛ ናቸው፤ የአምስተኛ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ዕዳ። ከ24 ስህተት ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ስላልገባው የሳተው ሁለት ብቻ! ቤት ውስጥ ግን የዘጠነኛ እየተማረ ነው።

አንዷን ጥያቄ ላሳይዎት። «የ500 ብር ሸሚዝ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ። ከወር በኋላ በአዲሱ ዋጋ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ ተደረገ። አሁን ስንት ነው?» ልጁ ሳያመነታ «500» አለኝ። 20 ወጣ፣ 20 ወረደ፣ በቃ እኩል። ሸሚዙ ግን መጀመሪያ 600 ይሆናል። ሁለተኛው 20 በመቶ የሚታሰበው ከ600 ነው፣ 120 ብር። ስለዚህ 480። ይህ ልጅ መቶኛ ማስላት ያውቃል። ያልገባው መቶኛ ሁልጊዜ «የምን?» የሚል ጥያቄ እንዳለው ነው። ይህንን ሳያስተካክሉ 200 የመቶኛ ጥያቄ ቢያሠሩት 200 ጊዜ ስህተቱን ይለማመዳል።

ሌላዋ ደግሞ ሦስት አራተኛን ለአንድ ሁለተኛ ማካፈል ነበረች። ሦስት ስምንተኛ ብሎ መልሷል። ማባዛት ነው የሠራው። «ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ ሸምድዶታል፣ መገልበጡን ግን ረሳ። ገበታው ላይ ድፎ ዳቦ ሣልኩና ሩቡን አጠፋሁት። «የቀረው ውስጥ ስንት ግማሽ ዳቦ አለ?» አልኩት። ትንሽ አየና «አንድ ግማሽ… እና የግማሽ ግማሽ» አለ። አንድ ተኩል ማለት ነው። እንዲህ የገባው ልጅ ሕጉን ቢረሳ እንኳ ሦስት ስምንተኛ ብሎ አይመልስም፤ መልሱ ከአንድ በላይ መሆን እንዳለበት ያውቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ደብተር መግዛት ነው። ባለ 50 ሉክ ይበቃል። የስህተት ደብተር እንለዋለን። የተሳሳታትን ጥያቄ በእጁ ይገለብጣታል። ከሥሯ የመለሰውን የተሳሳተ መልስ ይጽፋል። ከዚያ በራሱ ቋንቋ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ለምን እንደሳተ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ተቻኩዬ ነው» የሚል መልስ አይቀበሉት። ሁሉም ልጅ የሚጽፈው እሱን ነው። «ከ600 መቀነስ ሲገባኝ ከ500 ቀነስኩ» ብሎ ይጻፍ። ትክክለኛውን አሠራር እዚያው ገጽ ላይ አያስፍር፤ ከደብተሩ ጀርባ ይሁን። ምክንያቱም ከሦስት ቀን በኋላ ያቺን ጥያቄ አሠራሩን ሳያይ እንደገና ይሠራታል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንዴ። ከወር በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ። ሦስቴ በትክክል የሠራት ጥያቄ በቀይ ትሰረዛለች። ልጆቹ ከምንም በላይ የሚወዱት ያንን ቀይ መስመር ነው፣ እኔም እስካሁን አይገባኝም።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቧቸው። ከፊሎቹ ደግመው ደጋግመው አነበቡ፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። የእኛ ልጆች ጥናት በአብዛኛው የ5 ደቂቃውን ነው የሚመስለው። ደብተር ገልጦ፣ ማድመቂያ ይዞ፣ ከላይ እስከ ታች ቢጫ በቢጫ ማድረግ። ማታ ሁሉንም የሚያውቀው ይመስለዋል።

እኔም ጥፋተኛ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለልጆቹ ወርክሺት እቆልልባቸው ነበር፣ በሳምንት አርባ ገጽ። አንዷ ተማሪ ሁሉንም ታገባዋለች። ደስ ብሎኝ አንድ ቀን የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል ቀይሬ ሰጠኋት። ግማሹን ሳተች። «ቲቸር፣ ቁጥር 17 እኮ ሐ ነበር!» አለችኝ። ጥያቄውን ሳይሆን ፊደሉን ነው የያዘችው። ያን ቀን ያፈርኩት እኔ ነኝ።

የቴሌግራሙም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። «የዘንድሮ መግቢያ ፈተና እጃችን ገብቷል» የሚል ሰው ወይ ያታልልዎታል፣ ወይ የተሰረቀ ነገር ይሸጥልዎታል። ሦስተኛ አማራጭ የለውም። ልምምድ ከፈለጉ ያለፉ ዓመታት የስምንተኛ ክፍል ፈተናዎች በትምህርት ቤቱ ላይብረሪ አይጠፉም፣ ፎቶ ኮፒ ማስነሣት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን የመማሪያ መጽሐፉ አለ። በየምዕራፉ መጨረሻ ያለው የክለሳ መልመጃ በብዙ ክፍል «ሰዓት አልበቃንም» ተብሎ ይዘለላል። ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው። የሰባተኛውንና የስድስተኛውን ጭምር ይፈልጉለት።

እንግሊዝኛው 48 መሆኑ ከሒሳቡ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሒሳቡንም ይዞት ይወርዳል። ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። «ኖት»፣ «ኤክሰፕት»፣ «አት ሊስት»፣ «አት ሞስት» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ስንቱን ጎበዝ ጥለዋል። «አት ሊስት 5» ሲባል «ሊስት» የምትለዋን ይዞ ከ5 በታች የሚያደርግ ልጅ በየክረምቱ አገኛለሁ፤ 5 እና ከዚያ በላይ ማለት መሆኑን አንዴ ቁጭ ብሎ የነገረው ሰው የለም። እነዚህን ቃላት ፈተናው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይክበባቸው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን አምስቱን ያለማንበብ ስህተት የምትቀንሰው እሷ ናት።

ምንባብ ላይ ደግሞ ቃላት ማሸምደዱን ይተዉት። በቀን 15 ደቂቃ የሚወደውን ነገር በእንግሊዝኛ ያንብብ። ኳስ ከወደደ ስለ ኳስ። ሲጨርስ መጽሐፉን ይዝጋና ያነበበውን በአማርኛ ይንገርዎ። እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉም ግድ የለም፤ ታሪኩ ስሜት ከሰጠዎት ገብቶታል፣ ከተወላገደ አልገባውም። ከእርስዎ ቤት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት ይሂዱ፣ እርስዎም የራስዎን መጽሐፍ ይዘው ከጎኑ ይቀመጡ። ስልክ ይዘው ግን አይቀመጡ፣ በእናትዎ!

አስጠኚውን በተመለከተ አንድ ቀላል መመዘኛ አለኝ። እያስጠና ሳለ ሻይ ይዘው ይግቡና እስክሪብቶውን ማን እንደያዘ ይዩ። አስጠኚው ይዞት ልጁ «እሺ፣ ገባኝ» እያለ ከሆነ፣ እየተለማመደ ያለው አስጠኚው ነው። ልጁ ይዞት እየሠራ፣ አስጠኚው ዝም ብሎ እያየ አልፎ አልፎ «ይህንን ለምን አደረግህ?» የሚል ከሆነ ያንን ሰው አይልቀቁት። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። አንዱ ቀን ለስህተት ደብተሩ፣ ሌላው ክፍልፋይ፣ መቶኛና ጥምርታን ከሥሩ ለመጠገን። ከየካቲት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፈተና በሰዓት ይፈተን፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ። ካልኩሌተርም አይነካም።

ቀኑን ደግሞ እንዲህ ያድርጉት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳሱን ይጫወት፣ እስከ 12 ሰዓት። አንድ ሰዓት ላይ ራት። ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ጥናት፣ መሐል ላይ አሥር ደቂቃ እረፍት። ሦስት ተኩል ላይ መተኛት። «ይህ እንቅልፍ አይበዛም?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜ የሚመከረው እንቅልፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የተማረውን አእምሮ አደራጅቶ የሚያስቀምጠው ሲተኛ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት ያጠና ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ያመለጠውን ማታ እንደገና ያጠናል። ዙሩ አያልቅም።

አሁን ወደ ለቅሶው። ማታ የሚያለቅስ ልጅ እንቅልፍ ያጣ ሊሆን ይችላል። አባቱን የፈራም ሊሆን ይችላል። ግን ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ አንድ ነገር አጣሁበት፦ ልጁ አዳሪ መግባት ይፈልጋል? እርስዎ «አስበናል» ነው ያሉት። እሱን የጠየቀው አለ? ስለ ገላን የወንዶች አዳሪ ወይም ስለሌላ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስቡ ሰው የሚያየው ውጤቱን ነው። ልጁ የሚያየው ልብሱን ራሱ እንደሚያጥብ፣ ታናሽ እህቱን በየቀኑ እንደማያይ፣ የሰፈር ጓደኞቹ ያለ እሱ እንደሚጫወቱ ነው። አንዳንዱ ይህንን ሲሰማ ዓይኑ ያበራል። አንዳንዱ መውደቅን እንደ መዳኛ ያየዋል፣ ሳያውቀውም ሆን ብሎም። ሁለቱንም አይቻለሁ። መግቢያ ፈተና ያላቸው፣ ማታ ቤት የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ምርጫው አዳሪ ብቻ እንዳይመስለው።

አባትየውንም ያናግሯቸው፣ ለብቻቸው። ቁጣቸው ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን በ54 የተቆጡት ልጅ ቀጣዩን ወረቀት ይደብቃል። ወረቀቱ ከተደበቀ ደግሞ ከላይ ያወራሁት ሁሉ ባዶ ነው፣ ምክንያቱም የምንሠራው በስህተቱ ነው። የጎረቤት ልጅ ስምም ከቤት ይውጣ። ለቅሶው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብም ከቀነሰ፣ ፈተናውን ለጊዜው ትተው የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም ሐኪም ያማክሩ።

ስለ ፈተናው ቀን ብዙ አልልም። ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላፒስ፣ መቅረጫ። የለመደውን ቁርስ ይብላ፣ በዚያን ቀን አዲስ ነገር አያብሉት። መጀመሪያ የሚያውቀውን ሁሉ ሠርቶ ያለፋቸውን ተመልሶ ይያቸው። በየአሥር ጥያቄው የጥያቄው ቁጥርና የመልስ መስጫው ቁጥር እኩል መሆኑን ያረጋግጥ፤ አንዷን ዘሎ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያዛነፈ ልጅ አውቃለሁ። ለስህተት ማርክ የማይቀነስ ከሆነ ምንም ባዶ አይተው፤ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ በግምትም ከአራት አንድ ዕድል አለው።

ምዝገባውን ግን አይዘግዩ። የየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ የሚወጣበት ጊዜና የሚጠየቀው ማስረጃ ስለሚለያይ ከወሬ ይልቅ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ያንብቡ።

ለዛሬ ማታ አንድ ሥራ ልስጥዎት። ራት ላይ፣ እንደ ጨዋታ አድርገው፣ «የ800 ብር ጫማ 25 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ላይ 25 በመቶ ቀነሱበት፣ ስንት ሆነ?» ይበሉት። 750 ካለ፣ ከመቶኛው ዕዳ ወጥቷል፣ ወደ ክፍልፋይ ይለፉ። «800» ካለ አይሳቁበት፣ አያርሙትም። «ሁለተኛው 25 የምን 25 ነው?» ብለው ይጠይቁትና ራትዎን ይብሉ።